የውቢቱ አፈር

ባሏ በስልሳ ዓመቱ እንደገና ጎርምሶ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ወዳጅ ከያዘ ወዲህ፣ ወይዘሮዋ ከመስታወት ጋር ተኳርፋ ነበር። ስለዚህ ለጥየቃ ቻይና ሄዳ፣ እዚያ የምትማረው የእህቷ ልጅ ፌቨን የአንድ የጥንት ንጉሥ ውብ ቅምጥ መቃብር ዘንድ ስትወስዳት፣ ጠበል እንደሚሄድ ሰው ነጠላዋን አጣፍታ ገባች።

«እትዬ፣ አፈሩን ፊቷን የተቀባች ሴት ታምራለች ይባላል። ሴቱ ዘግኖ ሊጨርሰው ሲል ነው አሉ በጡብ የሸፈኑት።»

«እምነት ነዋ! ምን ይገርማል?» አለችና ተንበርክካ ከጡቦቹ መሃል አፈሩን በፀጉር ሽቦ እየፈለቀቀች መሐረቧ ላይ ታጠራቅም ጀመር። ዘበኛው በመጣ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የዋህ ነው፣ አንገቱን ደፍቶላት ያልፋል።

«ለመሆኑ ንጉሡ እንዲህ እንደወደዳት ቀበራት?»

«ወታደሮቹ እሷ ካልሞተች ብለው ሲያምፁበት ለነፍሱ ፈርቶ አሳንቆ አስገደላት እንጂ። አርባ እንኳ አልሞላትም ነበር።»

ሴትዮዋ መሐረቡን ይዛ ብድግ አለች። ፌቨን አሁን ትደፋዋለች ብላ ስትጠብቅ፣ እንደገና ተንበርክካ መፈልቀቅ ጀመረች።

«እትዬ! አሁንም ልትቀቢው ነው?»

«እኔስ ይቅርብኝ። ለዚያች ለወዳጁ ነው፤ ከቻይና ባዶ እጄን ብመለስ ታዝንብኛለች።»