የሻወሩ ፌስታል

ትንፋሼን ይዤ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። የስድስት ቀን ልብስ ነው፣ የሦስት ሰው። እርጥብ ፎጣ፣ አሸዋ የጠገበ ካልሲ፣ የባሌ የራንጌል ካናቴራ። ሁሉም ሞቋል፣ ሁሉም እጅ ላይ ይጣበቃል።

ፌስታሉ የሚቀመጠው ሻወሩ ውስጥ ነው። መኪናችን ቤታችንም ናት፤ አልጋውም ምድጃውም ሻወሩም በአራት እርምጃ ያልቃል። ልብሱን እዚያ ያስገባው ራንጌል ነው። እዚህ ግሪኮች አገር፣ ባሕሩ ዳር ያለው የእረፍት ካምፕ የደረስን ዕለት፣ እኔ ደጅ ነበር ያስቀመጥኩት። ጽዳቷ ፎቲኒ ጋሪዋን እየገፋች መጣችና ፌስታሉን በጣቷ እያሳየች «ስኩፒዲያ?» አለች፤ ቆሻሻ ነው ወይ ማለቷ ነው። ራንጌል «ኔ፣ ኔ» አላት። ለእኛ ለቡልጋሪያዎቹ «ኔ» አይደለም ማለት ነው። ለእነሱ ደግሞ አዎ ነው። ሴትዮዋ ጭና ሄደች። ባሌ በቁምጣ ጋሪውን እያሳደደ እስከ ካምፑ በር ሮጦ አስመለሰው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳቅኩበት። ከዚያ ወዲህ የቆሸሸ ልብስ ደጅ አይውልም ተባለ።

ታዲያ መኪናዋ መሽተት ጀመረች። ላብ እንዳይመስላችሁ። ላብ አውቃለሁ፤ ከራንጌል ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ተኝቻለሁ። ይሄኛው ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል ነው። ትናንት ራንጌል «አይቡ ነው» ብሎ ግማሽ ኪሎ አይብ ጣለ። ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም ከትናንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ጣቴ ከሥር አንድ ነገር ነካ። በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽ ፌስታል፣ አፉ ሁለት ጊዜ የታሰረ። ምን አለ ባልፈታው።

የሽማግሌ ፓንቶች ናቸው። አራት። ሦስቱ ላይ ሰገራ ደርቆባቸዋል። አራተኛው ገና አልደረቀም፣ ጣቴ ላይ ቀረ። የሳህን ማጠቢያው ላይ ተደፍቼ አስመለስኩ። ባዶ ሆድ ነው፤ መራራ ውሃ ብቻ ወጣ።

ፌስታሉን መልሼ አስሬ ወጣሁ። የባሌ አባት፣ አባባ ስታመን፣ ኮፍያቸውን አድርገው በመኪናዋ ጥላ ሥር ለቁርስ ቲማቲም ይቆርጣሉ። ወንበራቸውን እንደ ሁልጊዜው ወደ ባሕሩ አዙረዋል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

ቀና ብለው አላዩኝም። «ጣይው፣ ልጄ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?» ቢላዋውን አስቀመጡት። «ባሕሩ ውስጥ አለቀልቃቸዋለሁ ብዬ ነበር። አሸዋው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ራንጌል እንዳይሰማ። የቀረን እኮ አምስት ቀን ነው።»

ከአገራችን ስንነሳ ራንጌል ሞተሩን ሳያስነሳ ዞሮ «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ካመለጠህ መኪናዋን አዙሬ ቀጥታ ወደ መጦሪያው ነው። ክፍል ተይዞልሃል» ብሏቸው ነበር። አፉ የሱ ነው እንጂ ሐሳቡ የኔ ነው። አልጋ ላይ «የሰው ቂጥ ስጠርግ ዕረፍቴን አልጨርስም» ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሰውዬው አስጠሉኝ። በዚያው እጃቸው ቲማቲም መቁረጣቸው አስጠላኝ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑንም አውቃለሁ፣ ይህን ማወቄም አናደደኝ።

የጋሪው ጎማ ሲንጫጫ ሰማሁ። ፎቲኒ በአንድ በኩል መጣች። በሌላው በኩል ራንጌል የመኪናዋን ሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ደፍቶ እያፏጨ ይመለሳል።

ፎቲኒ የያዝኩትን አየች። «ስኩፒዲያ?»

ራንጌል ከዚያ ማዶ ተጣራ። «ምንድነው የያዝሽው? የአባዬ ነው እንዴ?»

አባባ ስታመን አይናቸውን ሳህኑ ላይ ተከሉ።

«ኔ» አልኩ።

እሷ በግሪክኛ ሰማችው፣ እሱ በቡልጋሪያኛ። ፎቲኒ ፌስታሉን ተቀብላኝ ጋሪዋ ላይ ወርውራ ሄደች። ራንጌል አንዴ እኔን አንዴ ጋሪውን አየና ጭኑን እየመታ ሳቀ።

«ወሰደችብሽ! በኔ ስትስቂ ከርመሽ፣ ዳፊናዬ! ቆይ ሮጬ ላምጣልሽ።»

ክንዱን ያዝኩት። «ተወው።»

«ልብስ እኮ ነው!»

«የኔ ፓንቶች ናቸው። አርጅተዋል፣ ይሂዱ።»

ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል። «ሚስቴ በገዛ አፏ ፓንቷን ሸኘች» እያለ ለጎረቤቶቹ ሊያወራ ሄደ። ሲሳሳቁ ይሰማኛል። እስከ እሑድ ካምፑ ሁሉ እኔን ሲያይ ይህን ያስባል።

እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሽታው አለቀቀኝም። ከራንጌል ልብሶች ሁለት ንጹሕ ፓንት አውጥቼ በአባባ ስታመን ጭን ላይ ጣልኩላቸው።

«ከእንግዲህ ለኔ ነው የሚሰጡኝ። ልብስ መሃል እንዳይወትፉብኝ።» ድምፄ የደግ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ፓንቶቹን አጣጥፈው ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ። ከሳህኑ ላይ ትልቁን የቲማቲም ቁራጭ በጣታቸው አንስተው ጨው ነሰነሱበትና ወደ አፌ ዘረጉት።

ጣታቸውን አየሁ። ጥፍራቸውን አየሁ። የቲማቲሙ ውሃ በክንዳቸው ይወርዳል፣ እጃቸውን አይመልሱም።

አፌን ከፈትኩ።