የግንበኛው አላህዲታ ውሃ

ዙበይዳ ዋናውን ብሬከር ወደ ታች መታችው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የአማቷ ማራገቢያም ዞር ዞር ብሎ ቆመ። በበሩ መግቢያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ግን ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ማድረጉን አልተወም። ክው አለች።

ማታ ስታየው መጨረሻው 506 ነበር፤ አሁን 510 ይላል። ባለፈው ወር የተነበበው 310 ላይ ነው። ሁለት መቶ ኪሎዋት ድፍን ብሎ ሞልቷል ማለት ነው።

በሙልታን ከተማ ሴቶች ዘንድ ይህች ሁለት መቶ ከባል ስም በላይ ትታወቃለች። ሁለት መቶን ያላለፈ ቤት በድሃ ዋጋ ይከፍላል። በአንዲት ኪሎዋት ያለፈ ግን፣ ሀብቱ የት እንዳለ ሳይጠየቅ፣ ስድስት ወር በሀብታም ዋጋ ይከፍላል። ለዚህ ስትል ዙበይዳ በሰኔ ሐሩር ቤተሰቡን ጣራ ላይ አስተኝታለች፤ ፍሪጁን የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጋዋለች፤ ካውያው ላይ ቁልፍ ቆልፋለች። አማቷ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው «እኔ ሳልሞት መቃብሬን አስለመደችኝ» እያሉ ያሾፉባታል። ይሹፉ። ከመብራት የተረፈው ገንዘብ ልጇን ማህሩክን ነርስነት ሊያስተምርላት ነው፤ ክፍያው የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር ነው። መብራቱ በሀብታም ዋጋ ከሆነ ግን ማህሩክ ቤት ትቀራለች፤ ሌላ መላ የለም። ቆጣሪ አንባቢው ደግሞ የሚመጣው ዛሬ ነው።

ቤቱ ጠፍቶ ቆጣሪው የሚሮጠው ሌባ ቢኖር ነው። ዙሪያውን ቃኘች። ከቆጣሪው ሥር፣ ከብሬከሩ በፊት፣ ትናንት ያልነበረ ጥቁር ሽቦ ወጥቶ ከበሩ ማጠፊያ አጠገብ ከታሰረ ሶኬት ጋር ተገናኝቷል። ሶኬቱ ላይ የተሰካው ገመድ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ መንገዱ ወጥቷል። ሻርፗን ራሷ ላይ ሳበችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ሰው ተሰልፏል። ከጁምዓ ስግደት የተመለሱ ወንዶች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት። የእነዙበይዳን ግድግዳ ተደግፎ አንድ አዲስ የውሃ ማቀዝቀዣ ያጓራል፤ የብረት ኩባያዎች በሰንሰለት ታስረውበታል። ባሏ ገፉር ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እንደ ሰርግ ቤት አሳላፊ፣ ሽር ጉድ ይላል። ሌባውስ ከቤት ተገኘ።

«የማህሩክ አባት፣ ምንድን ነው ያደረጉት?» አለች።

ገፉር ልጅ ይመስል ደስ ብሎት ነበር። ልብስ ስፌት ቤት አብረውት የሚሠሩት አዋጥተው እንደገዙት፣ ለስግደት መውጫ እንዲቀዘቅዝ ከንጋት ጀምሮ እንደሰካው፣ ሽቦውን የቀጠለለት ጎረቤትም «አንድ አምፖል ያህል እንኳ አይበላም» እንዳለው እየተጣደፈ ነገራት። ከዚያ በጣቱ አሳያት። ማቀዝቀዣው ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ለግንበኛው አላህዲታ ነፍስ» ተብሎ ተጽፏል።

የአባቷ ስም ነው። አምና በዚሁ ሰኔ ከሥራ ሲመለስ ፀሐይ መትቶት መንገድ ላይ የቀረው አባቷ። ያኔ «በዚህ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ኩባያ ውሃ የሚሰጥ ጠፋ?» እያለች ስታለቅስ፣ ገፉር አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

«ለሳቸው የሚሰጥ ውሃም በቆጣሪ ይለካል እንዴ?» አላት ቀስ ብሎ።

«በሌላው ቤት እንጃ፤ በእኛ ቤት ይለካል። ሁለት መቶ ሞልቷል።»

የገፉር ፊት አመድ መሰለ። ዙበይዳ ጎንበስ ብላ ሶኬቱ ላይ የተሰካውን ገመድ ያዘች። ተናዳለች፣ አፍራለች፣ አባቷም ናፍቋታል፤ የቱ እንደሚብስ አላወቀችም። ልትነቅለው ስትል ሞተር ብስክሌት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ቁጥሩን ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ወደ ቆጣሪው መጣ፤ ውሃውን ሲያይ ግን ስልኩን መልሶ ከተተው። አንዱን ኩባያ ሳይተነፍስ ጨለጠ፤ ደገመ፤ ሦስተኛውን አናቱ ላይ አፈሰሰው።

«እህቴ፣ ሟቹ ምንዎ ናቸው?» አላት።

«አባቴ።»

«እኔን ሲያይ ሰዉ ሁሉ በሩን ነው የሚዘጋብኝ። ዛሬ ውሃ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው።»

እንዲህ አለና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ሰልፈኛውም ኩባያውን እየለቀቀ እጁን ዘረጋ፤ ገፉርም ዘረጋ። ዙበይዳ ብቻ ገመዱን እንደጨበጠች ቀረች። ሳብ ብታደርገው ይበቃል። ለአባቷ ዱዓ እየተደረገ እጇን የማትዘረጋ ልጅ ግን ምን ትባላለች? ገመዱን ለቃ ቀና አለችና መዳፎቿን ከፈተች።

ሰውየው አልቸኮለም። ለአላህዲታ መቃብሩ እንዲሰፋለት ለመነ፤ ብርሃን ለመነ፤ ከጀነት ምንጭ እንዲጠጣ ለመነ። ዙበይዳ በየመሐሉ አሚን ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከቆጣሪው አልተነቀለም። ያ ባዕድ ሰው አባቷን ከልቡ እንዲህ ሲያነሳው እንባዋ መጣ፤ ቶሎ በጨረሰ እያለችም በልቧ ትማጸናለች። ለቤቱ ባለቤቶች ሲሳይ ሲለምን የቆጣሪው ዜሮ ጠፍቶ በቦታው አንድ ቆመ፤ ሁለት መቶ አንድ።

«አሚን» አለ ሰዉ ሁሉ ፊቱን በመዳፉ እያበሰ። ዙበይዳም መዳፎቿን ፊቷ ላይ አደረገች። ስልኩ ቆጣሪውን ፎቶ ሲያነሳ ቀጭ ሲል ሰማች፤ እጆቿን ግን ከፊቷ ላይ አላወረደችም።