ደፍ የሌለው ቤት

ቤት ከፋብሪካ ተሠርቶ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ደፍ የሚባል ነገር ቀርቷል። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ከንድፉ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው፤ ቁልፍም ተከተለው። ነጫጮቹ በሮች ሰው ሲቀርባቸው እንደ ጉም ይገለጣሉ። አልጋውም በሁሉም ቤት በስተቀኝ ነው።

ዓይናቸው የደከመው ጋሽ ሽብሩ የድሮ ቤታቸውን የሚለዩት ደፉን በእግራቸው ዳብሰው ነበር። ዛሬ ዝም ብለው ገቡና ተኙ።

ጎረቤታቸው እታገኝ ከሥራ ስትመለስ አልጋዋ ላይ አገኘቻቸው። ልትቀሰቅሳቸው አሰበችና ተወችው፤ ጋቢዋን አለበሰቻቸው።

ሲነቁ ጋቢውን ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«ቤት ተሳሳትኩ መሰለኝ» አሉ።

«በምን አወቁ ጋሽዬ? ሁሉም እኮ አንድ ነው።»

«እኔ ቤት ማን ጋቢ ያለብሰኛል?»