ማንም የማያየው ጥያቄ

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር በምሳ ሰዓት ወንበር ላይ ቆመው አዲሱን ነገር አስረዱ። የዓመት ፈቃድም ሆነ የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ያለው አባል ከዛሬ ጀምሮ በስልክ ለሚጻፍለት ጥያቄ ራሱ መልስ የሚሰጠውን ማሽን ይጠይቅ፤ ለጊዜው ሙከራ ነው፤ ከተሳካ ለትንሹም ለትልቁም ጉዳይ ቢሮ መመላለስ ይቀራል።

"የምንጽፈውን ማን ያየዋል?" አለች ከኋላ የቆመች ልብስ ሰፊ።

"ማንም። ማሽን ሐሜት አያውቅም።"

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ስልኳን ከስፌት መኪናዋ ሥር ደብቃ፣ የአባልነት ቁጥሯን አስገብታ ስለ ዓመት ፈቃድ ጠየቀች። ወዲያው መለሰላት፤ ያውም አንቱ ብሎ። በዚህ ፋብሪካ አንቱ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም።

ስለዚህ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ጻፈችለት። አንድ ሰው ቢሮው ጠርቶ፣ ቀይ ክር በታሰረበት ቁልፍ በሩን እንደቆለፈባት፣ ከዚያ ያደረጋትን፣ ትንፍሽ ብትል ከሥራ እንደሚያስባርራት መዛቱን። ስሙን ለመጻፍ ግን እጇ እምቢ አላት። "ለማን አቤት ልበል?" ብላ ጨረሰች።

"በደረሰብዎ ነገር በጣም አዝናለሁ" ሲል መለሰ ማሽኑ። "ጉዳዩ ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ የጻፉትን እንዳለ ለማኅበሩ ኃላፊ አስተላልፌዋለሁ። አሁኑኑ ያነጋግሩዎታል።"

ቀና አለች። ሊቀመንበሩ ስልካቸውን እያዩ በስፌት መኪኖቹ መሃል ወደ እሷ ይመጣሉ።

"ነይ እስቲ፣ ቢሮ እናውራ" አሉ ቀስ ብለው።

በሌላው እጃቸው ቀይ ክር የታሰረበትን ቁልፍ ያሽከረክሩ ነበር።