ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

የተማሪዎች ኅብረት ሰብሳቢ ከሆነ ወዲህ ስብሰባ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ሁሉም ያመሰግነዋል። እሱ ግን በተመሰገነ ቁጥር ትርሲትን ላለማየት አንገቱን ይደፋል። ወደ ሴቶች ማደሪያ በሚወስደው መንገድ መብራት ይግባ እያለች በየስብሰባው እጇን ስታወጣ ሰልችቶት፣ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ያዥ ያደረጋት እሱ ነው። እየጻፈ እጁን የሚያወጣ ሰው እንደሌለ ያውቃል። እሷም እውነት መስሏት ዓመቱን ሙሉ ጻፈች።

ዛሬ አርፍዳ ገባች። ቀኝ እጇ እስከ ጣቶቿ በጀሶ ታስሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ደንግጦ።

«ትናንት ማታ ወደ ማደሪያ ስሄድ ጉድጓድ ውስጥ ወደቅሁ» አለችና መዝገቡን ፊቱ አስቀመጠችለት። «ዛሬ አንተ ጻፍልኝ።»

እስክሪብቶውን አነሳ።

ትርሲት ግራ እጇን አወጣች።