ቬንዴል ውሃ የገባ ዕለት

ኤቴልካ የፍል ውሃው ደረጃ ላይ ደርሳ ቆማ ቀረች። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ወደዚህ ቡዳፔስት ውስጥ ወዳለው መታጠቢያ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። እንፋሎቱ ፊቷን ይዳስሳታል፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ሠራተኛው ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወኝ ልጄ፣ እዚሁ ውሃ ውስጥ ነው ያረጀሁት» ብላ መለሰችው።

ባሏ ቬንዴል እንደ ልማዱ ካፖርቱን ለብሶ፣ ፎጣዋን ታቅፎ ዳር ተቀምጦ ነበር። ውሃ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚፈራ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ጣቱን እንኳ ነክሮ አያውቅም። ድንገት ብድግ ብሎ ወጣ። ውሃውን ትታ እስክትመለስ መጠበቁ የሰለቸው መሰላት። ሲመለስ ግን ደጅ ካለው ሱቅ የገዛውን የዋና ቁምጣ ለብሶ፣ ቀጫጭን እግሮቹ ተጋልጠው አጠገቧ ቆመ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ልገባ ነው። ግን ያዥኝ፣ እፈራለሁ።»

እውነቱን ነበር፤ ክንዷን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። «አይዞህ፣ እኔን እያየህ ውረድ» እያለች ስታወርደው የገዛ ጉልበቷን ረሳችው። ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቬንዴል የጨፈነውን ዓይኑን ገለጠ።

«ይሞቃል ለካ!»

«ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስልህ ኖርኩ?»

«አሁንስ እንዴት ነው የምንወጣው?»

«ማን ቸኮለና!» አለችው እየሳቀች።