ለሔቨን የፈላ ውሃ

ማፍላት ማለት ውሃን በእሳት እያስጨነቁ፣ ውስጡ የተደበቀ ክፉ ነገር ሁሉ እስኪሞት መጠበቅ ነው። ውሃ፣ እሳትና ትዕግሥት ይበቁታል።

አለምሰገድ ትዕግሥት ነበረው። ዳውንታውን በሚሠራበት ፓርኪንግ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲገባና ሲወጣ ሲያይ የሚውል ሰው ትዕግሥት አያጣም። ያጣው ድፍረት ነው። ክሊኒኩ ደውሎ በሕፃን ልጁ በሔቨን ደም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት መገኘቱን ከነገረው ወዲህ እንቅልፍም አልነበረውም።

ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር የተከራዩት ቤት ያረጀ ነው፤ ከመንገድ የሚገባው የውሃ ቧንቧም የእርሳስ ነበር። ጥፋተኛው ታወቀ። ሠራተኞች መጥተው ግቢውን ቆፈሩና በመዳብ ቀየሩት።

የሔቨን ደም እንደገና ተመረመረ። እርሳሱ ጨምሯል።

"አልቀየሩትም። አፈሩን መልሰው ነው የሄዱት" አለ አለምሰገድ።

"አጠገባቸው ቆመህ ስታይ አልነበር እንዴ?" አለች ሚስቱ ፀዲ።

"ያየሁት ላዩን ነው።"

የሔቨን ወተት የሚበጠበጥበትን ውሃ የሚያፈላው እሱ ነበር። ልጅቱ ስትወለድ እናቱ ለአራሷ ገንፎ ብለው ከአገር ቤት በሰው እጅ የላኩትን ወፍራም ድስት ይጥዳል። የሰፈራቸው ሰዎች ከአሮጌ ብረታ ብረት አቅልጠው የሠሩት ነው፤ የአሜሪካን ድስት ከጎኑ ሲያዩት ቆርቆሮ ይመስላል። ቀድሞ ውሃው እስኪፍለቀለቅ ብቻ ይጠብቅ ነበር። አሁን ግማሹ ተንኖ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጄን በእንፋሎት ልታሳድጋት ነው?"

"ይሙትበት።"

"ምኑ?"

"ውስጡ ያለው።"

የሦስተኛው ምርመራ ውጤት ባሰ። ሐኪሟ ስለ አእምሮ እድገት ስትነግራቸው ድምጿን ዝቅ አደረገች። አለምሰገድን ያራደው ከቃሏ ይልቅ ያ ድምፅ ነው። ሲመለስ የታሸገ ውሃ በካርቶን ገዛ። እሱንም አፈላው።

ፀዲ በመጨረሻ ከጎረቤት ከተማ ከኦሮራ አማኑኤል የሚባል ውሃ መርማሪ ጠራች። አማኑኤል ከቧንቧው አንድ ጠርሙስ ቀዳ።

"ይሄንንም ውሰድልኝ" አለው አለምሰገድ፣ ከድስቱ ሌላ ጠርሙስ እየሞላለት። "ንጹሕ ውሃ ምን እንደሚመስል እየው።"

አማኑኤል ሁለቱንም መርምሮ ደወለ።

የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነበር፤ የድስቱ አልነበረም።